«ከጥምቀት ጋር የተቆራኘ» ማለት ስህተት ነው?

የአዘዞ መምህርት · ጥር 15፣ ከምሽቱ 2:10

እንደምን አመሻችሁ። አዘዞ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። አንድ ቃል ከትናንት ጀምሮ አላስተኛ ብሎኛል፤ የምታውቁትን እባካችሁ ወዲህ በሉ።

ከበዓል መልስ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ድርሰት ሰጠሁ። ርዕሱ «እኔና ከተማዬ» ነው። አንዱ ልጅ «የጎንደር ሰው ከጥምቀት ጋር የተቆራኘ ነው» ብሎ ጀመረ። አነበብኩትና ደስ አለኝ። ወረቀት የምናርመው ግን ለሁለት ነው። ሁለተኛው አራሚ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ «የተቆራኘ» የሚለውን በቀይ አስምሮ 1 ነጥብ ቀንሷል። ጠርዙ ላይ «የተሳሰረ» ብሎ ጽፎበታል።

ለምን ስለው «ቁራኛ በሽታ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ዕዳ ነው። ሰው ከበዓል ጋር አይቆራኝም» አለኝ። እንደ ዋዛ የሚናገር ሰው አይደለም። ቃል ሲመርጥ ሚዛን ይዞ ነው። ስለዚህ «ተወው» ብዬ ማለፍ ከበደኝ።

የ1 ነጥብ ጉዳይ አይደለም። ማያያዝ አለን፣ ማገናኘት አለን፣ ማስተሳሰር፣ ማጣመር፣ ማቀናጀት፣ ማዛመድ፣ ማቆራኘት አለን። ክፍል ውስጥ አንዱን በሌላው እየተካን እናስተምራለን። እውነት አንድ ናቸው? ልጆቹ ቢጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም።

ፒያሳ ኮምፒውተር · ጥር 15፣ ከምሽቱ 2:31

መምህርት፣ ለኔ «ተቆራኘ» ማለት በጣም ተጣበቀ ማለት ነው። ክፋት አይታየኝም። «የእናትና የልጅ ቁርኝት» እንል የለ? ለልጁ ነጥቡን መልሱለት።

ቀይ እስክሪብቶ · ጥር 15፣ ከምሽቱ 3:05

አራሚው እኔ ነኝ። መምህርት እዚህ እንዳለሁ ታውቃለች፤ ደብቃ አልጻፈችም፣ እኔም ተደብቄ አልመልስም።

ቃሉን የት የት እንደምንሰማው አስቡት። የአልጋ ቁራኛ። የሱስ ቁራኛ። የዕዳ ቁራኛ። ክፉ መንፈስ ተቆራኘው። በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው። እንግዳን በዓይነ ቁራኛ የሚጠብቅ ማን አለ? ሌባን ነው እንጂ። አንድም ቦታ ሰው ወዶ፣ ደስ ብሎት የተቆራኘውን ነገር አላገኘሁም። ጥምቀት ደግሞ ሰው ወዶ የሚወርድበት ነው። ነጭ ለብሶ፣ እየዘመረ፣ እየጨፈረ።

ቃል የሚኖረው ከጎረቤቶቹ ጋር ነው። ጎረቤቶቹ ሁሉ በሽታና መከራ ከሆኑ፣ ቃሉን ጥምቀት አጠገብ ሳስቀምጠው ጥምቀት ይጠቁርብኛል። ልጁ ይህን እንዲያውቅ ነው የቀነስኩት። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ለሰነፍ ልጅ እንዲህ ያለ እርማት አልጽፍም።

ጡረተኛው ጸሐፊ · ጥር 15፣ ከምሽቱ 4:20

ልጆቼ፣ ሁላችሁም እውነት አላችሁ። ግን ቃሉ ከየት እንደወጣ ሳይታወቅ ይኼ ክርክር አያልቅም። ቁራኛ ከችሎት የወጣ ቃል ነው።

እኔ ዕድሜዬን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው የጨረስኩት። ቁራኛን በዓይኔ አላየሁም። አያቴ ግን አይቷል፤ እሳት ዳር ሲያወጋን ነው ያደግነው። ድሮ ሰው ከሰው ሲጣላ ፖሊስ የለም፣ መጥሪያ የለም። ተበደልኩ ያለው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያቆመዋል። ያ የቆመ ሰው ጥሎ አይሄድም። ከዚያ የአንዱ ነጠላ ጫፍ ከሌላው ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጠራል። እንደተቋጠሩ ጎን ለጎን እየሄዱ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ገበያ መሀል አቋርጠው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው። ቋጠሮው የጨርቅ ነው፤ ሳብ ቢያደርጉት ይፈታል። ግን ማን ይፈታዋል? ፈትቶ የሸሸ ሰው ገና ሳይጠየቅ በሰው ዓይን ተረትቷል።

ነገሩ ዕዳ ሲሆንና ዋስ የሚሆን ሲጠፋ ደግሞ ሰንሰለት ይመጣል። የባለዕዳው እጅ ከአበዳሪው እጅ ጋር ይታሰራል። ገንዘቡ እስኪከፈል ወይ ፍርድ እስኪሰጥ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ ደጅም አብረው ይወጣሉ። ቁራኛ ማለት ይኼ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የታሰረው ባለዕዳው ብቻ አይደለም። አበዳሪውም ታስሯል። እርሻው ጦም ያድራል። ልጁ ቢታመምበት ብቻውን ሮጦ መሄድ አይችልም። አንዱ ለሌላው «ቁራኛዬ» ነው። ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ አለው፣ በሁለቱም ጫፍ ሰው አለ።

«በዓይነ ቁራኛ» የሚለውም ከዚሁ ነው። ሰንሰለቱ ቀረና ዓይን ተተካ። የሚጠበቀው አይሸሽም፤ የሚጠብቀውም ዓይኑን ነቅሎ ሌላ ነገር ማየት አይችልም። አያቴ በጃንተከል ዋርካ በኩል ባለፍን ቁጥር ቆም ይልና «ይቺ ዛፍ ስንቱን ቁራኛ አይታለች» ይል ነበር። ያኔ ልጅ ነበርኩና ዛፏን ነበር የማየው።

የአዘዞ መምህርት · ጥር 15፣ ከምሽቱ 4:48

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ያህል ዓመት አማርኛ ሳስተምር የነጠላውን ነገር አልሰማሁም ነበር። ቁራኛ ሲባል ለኔ የሚታየኝ የተያዘው ሰው ብቻ ነበር። ያዡም መያዙን አላሰብኩትም።

ቀይ እስክሪብቶ · ጥር 15፣ ከምሽቱ 5:02

ጋሼ ያሉት የኔንም ነገር ያጠናክራል። በመነሻው ሰንሰለት ነው። ያለ ፈቃድ ነው። ልጁ «የጎንደር ሰው በጥምቀት በሰንሰለት ታስሯል» ማለቱ ሆነ።

የደንቢያ ልጅ · ጥር 16፣ ከጠዋቱ 1:45

እንዴት አደራችሁ። እኔ ስለ «ማቀናጀት» ልናገር። እሱ የእኛ የገበሬዎቹ ቃል ነው፤ ከተሜው ወስዶ ስብሰባ አዳራሽ አስገብቶት መነሻው ተረስቷል።

ደንቢያ ነው የተወለድኩት። ቤታችን አንድ በሬ ነበር፣ ቦራ። በአንድ በሬ አይታረስም። ጎረቤታችንም አንድ በሬ ነበረው፣ ዳልቻ። አባቴና እሱ ሁለቱን በሬዎች አንድ ቀንበር ሥር አግብተው ተራ በተራ ያርሳሉ፤ የእኛ ተራ ሲደርስ የእኛን፣ የእሱ ተራ ሲደርስ የእሱን። ይኼ መቀናጆ ይባላል። ሰውየው ለአባቴ ቅንጃው ነው። «ቅንጅታዊ አሠራር» የምትሉት እንግዲህ ከዚህ የመጣ ነው፤ አንድ አንድ በሬ ካላቸው ሁለት ድሆች።

አሁን ድረስ የሚታየኝ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ቦራና ዳልቻ አይተዋወቁም። አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዘገምተኛ። ቀንበሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ማነቆው የፈጣኑን አንገት ይልጠዋል። አባቴ ምራኑን እየፈታ ቦታውን ይቀይራል፤ መልሶ ይጠብቃል፣ እንደገና ይፈታል። ትልሙ ይጣመማል። ከሳምንት በኋላ ግን እርምጃቸው አንድ ይሆናል፤ ማንም ሳይነግራቸው እኩል ይዞራሉ። አባቴ ይኼኔ «አሁን ተቀናጁ» ይላል። ሲጠመዱ አይደለም የሚለው፣ እርምጃቸው አንድ ሲሆን ነው።

ዋናው ልዩነት ደግሞ ይኼ ነው፤ የተጠመደ በሬ ማታ ይፈታል። ቀንበሩ ይወርድለታል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ወደ ጌታው በረት ይገባል። መቀናጆውም አንዱ ሁለተኛ በሬ ሲገዛ በሰላም ይፈርሳል። ጋሼ እንዳሉት ከሆነ ቁራኛ ግን ማታም አብሮ ነው የሚተኛው። እንግዲህ ልጁ ስለ ጥምቀት የጻፈው የትኛውን አስቦ እንደሆነ መጠየቅ ነው።

(ማነቆን ጠቀስኩ አይደል። ሬዲዮው ሌት ተቀን «የልማት ማነቆ» ይላል። ለኛ የበሬውን አንገት ቀንበሩ ላይ የሚይዘው ነው። እሱ ከሌለ ማረስ የለም።)

ፒያሳ ኮምፒውተር · ጥር 16፣ ከጠዋቱ 3:12

ወንድሜ፣ ስለ በሬዎቹ የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት።

እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ነው የምተይበው። አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። «ተያይዞ» የሚለው ቃል ሞተብን። «ከመብራት ጋር ተያይዞ»፣ «ከጤና ጋር ተያይዞ»፣ «ከዚህ ጋር ተያይዞ»። ምን ከምን ጋር ተያያዘ ብትሉ መልስ የለም። «ስለ መብራት» ብሎ መጨረስ ይቻላል። ዜናውም «በተያያዘ ዜና» ይልና የማይያያዝ ዜና ያመጣል። ተያያዘ ማለት እኮ እጅ ለእጅ ተያዘ ማለት ነው፤ ያዘ ካለው ነው የወጣው። ሁለት ነገር እርስ በርሱ ካልተያዘ አልተያያዘም።

ኢንተርኔት ላይ ደግሞ «ማስፈንጠሪያ» ይባላል። ከፈነጠረ የወጣ ነው፤ እዚህ ስትነካው እዚያ ያስፈነጥርሃል። ሥራውን በደንብ ይገልጸዋል፣ ግን መያዝ የለበትም፣ መወርወር ነው። እኛ ሱቅ የሚመጣው ሰው ሁሉ «ሊንኩን ላክልኝ» ነው የሚለው።

ቢሮ ቁጥር 7 · ጥር 16፣ ከጠዋቱ 4:30

እኛ መሥሪያ ቤት «አባሪ» እንላለን፦ «3 ገጽ አባሪ አድርገን ልከናል»። አበረ ካለው ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ላይ ያለው ያው ግሥ ነው። ከሌባ ጋር ያበረው ሰውም «ግብረ አበር» ይባላል። ለመልካምም ለክፉም ይሆናል፤ ቃሉ ራሱ አይፈርድም።

አዲስ ዓለም · ጥር 16፣ ከቀኑ 8:05

አሰላሙ ዓለይኩም። ጸጥ ብዬ ሳነብ ነበር፤ ቁራኛ ላይ ስትደርሱ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

በዓረብኛ «ቀረነ» የሚባል ግሥ አለ፤ ሁለት ነገርን አንድ ላይ አሰረ፣ አጣመረ ማለት ነው። «ቀሪን» ደግሞ የማይለይ ጓደኛ ነው። በቁርኣን ከሰው ጋር አብሮ የሚሆነው ሰይጣንም ቀሪን ተብሎ ተጠርቷል። ልክ እናንተ «ተቆራኘው» እንደምትሉት። ከዚህ የበለጠ የገረመኝ በሱረቱ ኢብራሂም ያለው ነው። በፍርዱ ቀን ወንጀለኞቹ «ሙቀረኒን ፊል አስፋድ» ሆነው ይታያሉ ይላል፤ በሰንሰለት እርስ በርስ የተቆራኙ ማለት ነው። ጋሼ ስለ ባለዕዳው ሲናገሩ ይኼ አንቀጽ ነው ትዝ ያለኝ።

ቁራኛ ከዚያ መጣ እያልኩ አይደለም። ድምፁም ሐሳቡም መቀራረቡን ነው የምናገረው። ሌላም ልጨምር። ሐጅንና ትንሹን ጉዞ ዑምራን በአንድ ኢሕራም፣ ማለትም በአንድ የአምልኮ ሐሳብና ልብስ፣ አጣምሮ የሚያደርግ ሰው ሐጁ «ቂራን» ይባላል። ከዚያው ሥር ነው። እና በዚያ ቋንቋ ያው አንድ ሥር ለሰይጣኑም ለሰንሰለቱም ለሐጁም ሆኗል። ቀይ እስክሪብቶ ወንድሜ፣ ቃሉ ጎረቤቶቹን ይመስላል ያልከው እውነት ነው፤ ግን ጎረቤት ይቀየራል።

የቀለም ልጅ · ጥር 16፣ ከምሽቱ 1:50

አዲስ ዓለም፣ ዕድሜ ይስጥህ። እንዲህ ያለውን ከጎረቤት ካልሰማን ከየት እንሰማለን።

እኔ የቅኔ ቤት ልጅ ነኝ፤ ለምኜ እየበላሁ የተማርኩትን ያህል ልናገር። ግዕዙ «ጸመደ» ይላል፤ በሬ ጠመደ ማለት ነው። «ፀመረ» ደግሞ አገናኘ፣ አጣመረ ማለት ነው። አማርኛው ሁለቱንም በ«ጠ» አመጣቸው፤ ጠመደና ጠመረ። ሰዋስው ስንማር ቃልን ከቃል የሚያያይዘውን «መስተፃምር» የምንለው ከዚያ ነው።

ጠመደን ተመልከቱት። ከእሱ «ጥማድ» ወጣ፤ ሁለቱ በሬዎች። ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬትም ጥማድ ይባላል፤ ሩብ ሄክታር ያህል። ከዚያው ከጠመደ ግን «ወጥመድ» ወጣ። «አለቃዬ ጠምዶ ይዞኛል» የሚለውም ወጣ። የደንቢያው ወንድማችን እንዳለው በሬው ማታ ይፈታል፤ በአለቃው የተጠመደ ሰው ግን አይፈታም። አንድ ግንድ ላይ መልካምም ክፉም ቅርንጫፍ በቀለ።

አሁን ወደ ቁራኛ ልምጣ። መምህርት፣ ይህን ለልጆችሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፊላቸው። ጓደኛ፣ ተጎዳኘ፣ ጉድኝት። ቁራኛ፣ ተቆራኘ፣ ቁርኝት። ጮክ ብለሽ አንብቢያቸው። አንድ ቅርጽ ናቸው፣ እንደ መንታ። በአንዱ መንታ ሰው ይወዳጃል፣ በሌላው ይታሰራል። እናንተ አስተማሪዎቹ «የጉድኝት ማዕከል» ትላላችሁ፤ አቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች የተሰባሰቡበት። ማንም «የቁርኝት ማዕከል» አላለም። ጆሮ ያውቃል።

ግን ሦስቱ የቁራኛ ልጆች እኩል አይከብዱም። ቀይ እስክሪብቶ የዘረዘርካቸው ሁሉ «ቁራኛ» የሚለው ስም ናቸው፣ ከአንዱ ከመንፈሱ በቀር። እሱ እንደ ድሮው ከባድ ነው፤ ሰንሰለቱ ይሰማል። «ቁርኝት» ግን ለስልሷል። «የእናትና የልጅ ቁርኝት» ስንል ማንም ሰንሰለት አይታየውም። «ተቆራኘ» መሀል ላይ ቆሟል። መንፈስ ሲሆን ይከብዳል፣ ትዝታ ሲሆን ይቀላል። «ስሙ ከዚህች ከተማ ጋር ተቆራኝቷል» ብል ማን ይቀየመኛል? ስለዚህ ልጁ አልተሳሳተም። አንተም ከባዱን መስማትህ ስህተት አይደለም።

የኔታ ሲያስተምሩን አንድ ቃል ብዙ መንገድ እንዳለው የሚነግሩን «አንድም» እያሉ ነበር። አንዱን ትርጉም ይሰጣሉ፤ «አንድም» ይሉና ሌላውን ይጨምራሉ፤ የመጀመሪያውን አይጥሉትም። ትርጓሜው «አንድምታ» የተባለው በዚህ ቃል ነው። እዚሁ ጎንደር፣ «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» የተባሉት ሁለት የትርጓሜ ወገኖች የተከራከሩበትም እሱ ነው። ከአማርኛ ማያያዣዎች ሁሉ እኔ የምወደው «አንድም»ን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆማል፣ አንዱንም አያስርም።

ቢሮ ቁጥር 7 · ጥር 16፣ ከምሽቱ 2:15

ጓደኛና ቁራኛ መንታ መሆናቸውን ዛሬ ገና ሰማሁት። ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ እውነት ነው።

ሌሊት ተረኛ · ጥር 17፣ ከሌሊቱ 8:40

ነርስ ነኝ። ተረኛ ነኝ፣ ክፍሉ ጸጥ ብሏል፤ ሳነባችሁ ነው ያመሸሁት።

«የአልጋ ቁራኛ» የሚለውን እኛ በየቀኑ እንሰማዋለን። አስታማሚ መጥቶ «አባቴ 2 ዓመት የአልጋ ቁራኛ ነው» ይላል። በኛ ቋንቋ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። እንዲህ ያለውን ሰው ጎኑ እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ሌሊትም ቢሆን። ይህ ማለት አስታማሚውም በየ2 ሰዓቱ ይነቃል።

ጋሼ የጻፉትን የነጠላ ነገር ሳነብ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። ከገጠር እናቷን አምጥታ አስተኝታ ነበር። እናትየው መናገር አይችሉም፤ ሌሊት ሲያማቸው እጃቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ልጅቱ መሬት ላይ ነው የምትተኛው፣ ከአልጋው ሥር። እንቅልፍ እንዳይጥላት ፈራች። የነጠላዋን ጥለት ጫፍ በእናቷ እጅ አንጓ ላይ ቋጠረች፤ ሌላውን ጫፍ በራሷ እጅ። እናትየው ሲንቀሳቀሱ ነጠላው ይስባታል፣ ትነሳለች። ላላ አድርጋ ነው የቋጠረችው፣ እንዳይጠብቅባቸው ጣቷን አስገብታ እየለካች። መጀመሪያ ሳይ ልከለክላት ነበር። ከዚያ ቋጠሮውን አየሁና ተውኳት።

16 ቀን እንደዚህ አደሩ። ያኔ ላየሁት ነገር ስም አላገኘሁለትም ነበር። አሁን ነው ያገኘሁት። ቁራኛ ናቸው። ማንም ያላሰራቸው፣ ዳኛ የሌለበት። ቀይ እስክሪብቶ፣ ወዶ የተቆራኘ ሰው አላገኘሁም ብለሃል። እኔ አግኝቻለሁ።

ጡረተኛው ጸሐፊ · ጥር 17፣ ከጠዋቱ 12:30

ልጄ፣ እግዚአብሔር እጅሽን ይባርከው። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ቀይ እስክሪብቶ · ጥር 17፣ ከጠዋቱ 1:15

ሌሊት ተረኛ፣ አነበብኩት። ቁርስ ቀርቦልኝ ነበር፤ ትቼ ተነሳሁ።

ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም፤ እውነቱን ልናገር። «ቁራኛ» የሚለው ስም ከባድ ነው፣ ልጆች እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። አንድ ተማሪ «መጽሐፍ የንባብ ቁራኛ ያደርጋል» ብሎ ቢጽፍ ዛሬም አሰምርበታለሁ። ነገር ግን አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ «ተሳሰረ» በሚለው ስተካው ቀለል ያለ መስሎኝ ነበር። ተሳሰረም እኮ ከአሰረ ነው። ከእስር ወደ እስር ነው የወሰድኩት። ደግሞ ልጁን ምን ለማለት እንደፈለገ አልጠየቅኩትም። የደንቢያው ወንድማችን ያኔውኑ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ከመምህርት ጋር ጠርተን እንጠይቀዋለን።

የአዘዞ መምህርት · ጥር 17፣ ከቀኑ 10:25

ጠየቅነው። በእረፍት ሰዓት ነው የጠራነው። ነጥብ ሊቀነስበት መስሎት ተጨንቆ ገባ። ባልደረባዬ ወንበር ሳበለትና «ለምን የተቆራኘ አልክ? ለምን የሚወድ፣ የሚያከብር አላልክም?» አለው።

ልጁ ትንሽ ዝም አለ። ቤታቸው ቀሃ ወንዝ በኩል ነው፣ ከፋሲል መዋኛ ብዙ አይርቅም። ወንዙ ተጠልፎ ገንዳው መሞላት ሲጀምር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ልጆቹ በየቀኑ እየሄዱ ውኃው የት እንደደረሰ ያያሉ። አባቱ የቀን ሥራ የሚሠራው መተማ ነው። ለፋሲካ አይመጣም፣ ለዘመን መለወጫ አይመጣም። ለከተራ ግን ይመጣል፤ አንድም ዓመት አስቀርቶ አያውቅም።

አምና ብቻ ቀረ። ሥራ ይዞት ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ሲወርዱ ስልክ ደወለ። ደህና ናችሁ ወይ አላለም። «ስልኩን ወደ መንገዱ አስጠጉልኝ» ነው ያለው። ልጁ በር ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ያዘ። ከበሮው፣ ጽናጽሉ፣ እልልታው አለፈ። እጁ ደከመው፣ በሌላው ቀየረ። ሰልፉ ካለፈ በኋላ ስልኩን ወደ ጆሮው ሲመልሰው አባቱ አልዘጋም ነበር። አይናገርም፣ ግን አልዘጋም።

«የሚወድ ብል ትንሽ ይሆንብኛል» አለን። «መተው አይችልም ለማለት ነው። እዚያ ሆኖም ይዞታል።»

ባልደረባዬ ወረቀቱን ከመሳቢያው አወጣ። «የተሳሰረ» የሚለውን ሠረዘው። ቀይ እስክሪብቶውን አስቀምጦ የኔን ሰማያዊ ተቀበለኝና 1 ነጥቡን መለሰ። ከዚያ ልጁን የአባቱን የስልክ ነገር ለምን ድርሰቱ ውስጥ እንዳልጻፈው ጠየቀው። ልጁ «ርዕሱ ስለ ከተማዬ ነው ብዬ» አለ። እንዲጨምርበት እስከ ሰኞ ድረስ ጊዜ ሰጥተነዋል።